ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ማስተማር

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ከተሞች የሚያስተምሩ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህራን ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ይሠልጥኑ ሲባል፣ «ልጆቹ ስልክ የላቸውም፤ ትምህርት ቤቱም ኮምፒውተር የለውም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ግማሽ እውነት አለው። ትንሽ ልጅ ግን የሚነካካው የእናቱን ወይም የታላቁን ስልክ ነው፤ በቴሌግራም የሚገባውም ምስል የተላከው ለትልቅ ሰው ነው። ዩኒሴፍ፣ ኤክፓትና ኢንተርፖል በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የኦንላይን ወሲባዊ ጥቃት ወይም ብዝበዛ ደርሶባቸዋል። እንግዲህ ትምህርቱን ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ማቆየት ዘግይቶ መድረስ ነው።

ከጥቃቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ዝምታ ነው፤ ልጆች ቁጣንና ኀፍረትን ይፈራሉ። ስለዚህ የሥልጠናው ክብደት ከመሣሪያው ይልቅ በአደማመጥ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። «አንድ መጥፎ ነገር አየሁ» ብሎ የመጣን ልጅ ሳይቆጡ፣ በጓደኞቹ ፊት ሳይጠይቁ መስማት፣ ከዚያም ለማን እንደሚነገር ማወቅ መብራትም ኔትወርክም አይፈልግም። አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት በልጆች ላይ የሚፈጸምን ወሲባዊ ወንጀል ይቀጣል፤ ሕጉ የሚሠራው ግን ነገሩ ሲነገር ነው። «መምህሩ ሥራ በዝቶበታል» ለሚሉም መልስ አለ፤ የኢንተርኔት ደህንነት ትምህርቱ አዲስ የትምህርት ዓይነት ሳይጨመር ስለ ቤተሰብና ስለ አካል በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ይገባል። ሥልጠናው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መሆን አለበት፤ ልጅ የደነገጠበትን ነገር የሚናገረው በአፍ መፍቻው ነውና።