ስለ «ማራገቢያ» ስያሜ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ መኪና ዳገቱ ዝግ ስለሚያደርገው በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ያንሳል። ቦታው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለውም ክዳን የሌለው ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ዳገት ላይ ፈልቶ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚበርድ ሞተር በቅድሚያ የሚያስጠረጥረው ከራዲያተሩ አጠገብ የሚሽከረከረውን መሣሪያ ነው።

ጋራዦች ይህን መሣሪያ «ቬንትሌተር» ይሉታል። በትርጉም ጽሑፎች ግን አንዳንዴ «ማራገቢያ»፣ አንዳንዴ «ማቀዝቀዣ» ተብሎ እናገኘዋለን። ሁለተኛውን አንቀበልም፤ ራዲያተሩም፣ ውሃውም፣ ፓምፑም ያቀዘቅዛሉና። «አራገበ» ከሰል ለማቀጣጠልም ይነገራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን ግሱ የሚናገረው ነፋስ ማንቀሳቀስን ብቻ ስለ ሆነ ለመሣሪያው ሥራ ይስማማል።

የባሰው ችግር ያለው «ሞተር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከኤሌክትሪክ ማራገቢያ ጥገና መመሪያ እንነሣ፦ መኪናው ግሎ ማራገቢያው ካልዞረ ፊውዙ ይመርመር፤ ፊውዙ ደህና ከሆነ ማራገቢያው በቀጥታ ከባትሪ ጋር ይገናኝ፤ ያን ጊዜ ከዞረ ጉድለቱ በሪሌው፣ በሙቀት ለኪው ወይም በሽቦው ላይ ይፈለግ፤ ካልዞረ «ሞተሩ ይለወጥ»። የትኛው ሞተር? ተርጓሚው «የማራገቢያው ሞተር» ብሎ ካልለየ አንባቢው የመኪናውን ሞተር ሊያስወርድ ነው። በቺንጋ የሚዞረው ዓይነት የራሱ ሞተር ስለሌለው ይህ ጥያቄ አይነሣበትም፤ የቺንጋው መላላት ይታያል።

ማስጠንቀቂያውም እንዲህ ሊጻፍ ይገባል እንላለን፦ «የመኪናው ሞተር ከጠፋ በኋላም የኤሌክትሪክ ማራገቢያው በድንገት ሊዞር ስለሚችል፣ የባትሪው ገመድ ሳይነቀል እጅ አይግባ።»