ሬቲንግ፦ ኳስ የነካውን ብቻ የሚያይ ዳኛ

ዲላ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ከዲኤስቲቪ ቤት የሚወጣው ደጋፊ ወዲያው አይበተንም። በር ላይ ክርክር ይነሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ክርክሩን በአንዴ የሚቆርጥ የሚመስል ነገር ከኪስ ይወጣል። «ጋሼ፣ ይዩት! 6.3 ነው ያገኘው፤ ከቡድኑ መጨረሻ እሱ ነው» ይላል ወጣቱ ስልኩን አስጠግቶ። ጋሼ ስልኩን አይመለከቱም። «ልጄ፣ እኔ ጨዋታውን አይቻለሁ። ጎሉ ሲገባ ሁለቱን ተከላካዮች አስከትሎ የሄደው ማን ሆነና ነው?»

ወጣቱም ጋሼም አልዋሹም። ሁለቱ ያልተነጋገሩበት ነገር ቢኖር ያ 6.3፣ ሬቲንግ የሚባለው የተጫዋች ነጥብ፣ እንዴት እንደተሠራ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመዝጋቢዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለንደን ውስጥ የተመሠረተውን ኦፕታን የመሰሉ ድርጅቶች ለአንድ ጨዋታ የተለያዩ ሰዎች ይመድባሉ። አንዱ የባለሜዳውን፣ ሌላው የእንግዳውን ቡድን ይከታተላል፤ ሦስተኛው የሁለቱን ሥራ ያርማል። ኳስ በተነካች ቁጥር ማን እንደነካት፣ የት ቦታ ላይ እንደሆነና ምን እንዳደረገባት ይመዘገባል። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ 2000 የሚጠጋ ክንውን ተሰብስቧል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የኮምፒውተር ነው። ሁስኮርድ የተባለው ድርጅት ለእያንዳንዱ ተጫዋች መነሻ 6.0 ይሰጣል፤ የክሮኤሺያው ሶፋስኮር ደግሞ ከ6.5 ይነሳል። ጎል፣ አሲስት፣ የተሳካ ቅብብልና የተቀማ ኳስ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ የባከነ ኳስና ለጎል የዳረገ ስህተት ይቀንሱታል። የትኛው ክንውን ስንት እንደሚያወጣ የሚወስነው ድርጅቱ ራሱ ስለሆነ፣ ያው ተጫዋች ለያው ጨዋታ ሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ነጥብ ቢያገኝ ሊገርመን አይገባም።

መነሻውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቁጥሩን የምናነበው በተማሪ ቤት ዓይናችን ነው፤ 6.3 ሲባል ከመቶ 63 ያመጣ ልጅ ይታየናል። እንዲያ ግን አይደለም። በሶፋስኮር 6.3 ማለት ከመነሻው በጥቂቱ የወረደ ማለት ብቻ ነው። እውነተኛ የተማሪ ቤት ማርክ ለተጫዋች የሚሰጡት የአውሮፓ ጋዜጦች ናቸው። በጣሊያን ጋዜጦች 6 ማለፊያ ነጥብ ነው። የጀርመኑ ኪከር መጽሔት እንደ አገሩ ትምህርት ቤት 1ን ለምርጡ፣ 6ን ለደካማው ይሰጣል። የፈረንሳዩ ሌኪፕ 10 መስጠት እጅግ ስለሚሳሳ፣ አንድ ተጫዋች 10 ያገኘ ዕለት ነጥቡ ራሱ ዜና ይሆናል። እነዚህን ማርኮች የሚሰጠው ጨዋታውን ቁጭ ብሎ ያየ ጋዜጠኛ ነው፤ ሊያዳላ ይችላል፣ ግን ልትሞግተው ትችላለህ።

ቆጠራው ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1950 ቻርልስ ሪፕ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሠራተኛ፣ የስዊንደን ታውንና የብሪስቶል ሮቨርስን ጨዋታ ሲመለከት ከእረፍት በኋላ ማስታወሻና እርሳስ አውጥቶ መመዝገብ ጀመረ። ለዓመታት ከመዘገበ በኋላ አብዛኛው ጎል የሚገኘው ከሦስት ባልበለጠ ቅብብል መሆኑን አየ፤ ስለዚህ ኳስን በረጅሙ ወደፊት መላክ ይበጃል ብሎ ደመደመ። ቆጠራው ልክ ነበር፣ ድምዳሜው ግን ሳተ። በእግር ኳስ አብዛኛው ቅብብል ከሦስት ሳይበልጥ ስለሚቋረጥ፣ ብዙው ጎል ከዚያ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያንኑ ዓይነት መረጃ አመዛዝነው ሲያዩ፣ ረጅም ቅብብል ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ጎል የማስገኘት ዕድሉ የተሻለ ሆኖ አገኙት።

የዲላ ሰው መቁጠርና መመዘን የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከይርጋጨፌና ከአካባቢው የሚመጣ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ናሙናው በመለያ ቁጥር ብቻ ይቀርባል፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። መጀመሪያ ጥሬው ይታያል፦ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ የተበላሸው ፍሬ ብዛት። ይህ ከመቶ 40 ይይዛል። የቀረው 60 ግን የሚሰጠው ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሲቀመስ ነው። ሬቲንግም እንደ ቡና መርማሪው ስም አይቶ አያዳላም፤ ማንም ልብ ያላለው የመስመር ተከላካይ ስንት ኳስ እንደቀማ አይረሳም። ይህ በጎ ጎኑ ነው፣ ጋሼም ሊያመሰግኑት ይገባል። ጥሬውን በደንብ ይለቅማል። ስኒው ላይ ግን ገና አልደረሰም።

ስኒው ምንድን ነው? አንድ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ በእግሩ የሚያቆያት በአብዛኛው ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። በቀረው ጊዜ ቦታ ይይዛል፣ ጓደኛውን ይሸፍናል፣ ተከላካይ ጎትቶ ለሌላው መንገድ ይከፍታል። ቦታ አያያዙ ያማረ ተከላካይ ኳሷ ወደ እሱ ስለማትላክ የሚቀማው የለውም፤ ለማይቀማ ሰው ደግሞ ነጥብ አይጨመርለትም። በ2013 የውድድር ዘመን አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና ክለብ 29 ጎል ሲያስቆጥር የጎሎቹን ቁጥር አገር ያውቀዋል። ከጎሎቹ በፊት ተከላካይ ይዞለት የሮጠው ጓደኛው በጎል መዝገብ ላይ አይገኝም። ስለዚህ በር ላይ ባለው ክርክር እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ወጣቱ ስልኩን ይጣል ማለቴ ግን አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስለ ማንቸስተርና ስለ ለንደን ተጫዋቾች በነጥብ ስንሟገት፣ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ስማችንን ያስጠራው የጌዴኦ ዲላ ቡድን ልጆች ምን ያህል እንደሮጡ፣ ስንት ኳስ እንደቀሙ ስንናገር አልሰማም። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ሐዋሳ ላይ እንኳ ቢሆን አብዛኛው ደጋፊ ውጤቱን ይሰማል እንጂ ጨዋታውን አያይም። ሪፕ የጀመረው በእርሳስ ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የክለቡ ደጋፊዎች፣ ቡድኑ በሚጫወትበት ሜዳ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ኳስ የነካችውን መዝግቡ። ከጎኗም አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ኳስ ሳትነካ መንገድ የከፈተችውን ጻፉበት።