ደም የሚረጋባት ኪስ

ነገሌ ቦረና ገበያ ፍየል ሲሸጥ የዋለ ሰው ማታ አፉ ተጣሞ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ቢለው፣ ቤተሰቡ “ጭንቅላቱን ነው ያመመው” ቢል አይፈረድበትም። ስትሮክ የሚባለው ጉዳት የደረሰው አንጎሉ ላይ ነው። በአንዳንዱ ሕመምተኛ ግን ጣጣው የተጀመረው ደረቱ ውስጥ ነው።

የረጋ ደም ከተፈጠረበት ቦታ ተነቅሎ፣ በደም ሥር ተጉዞ ሌላ አካል ላይ ሊወተፍ እንደሚችል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሳየው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ ነው። መንገዱ ታወቀ። ልብ ውስጥ ደሙ የሚረጋው የት ጋ እንደሆነ ለመለየት ግን ብዙ ዓመት ፈጀ።

ከግራው የላይኛ የልብ ክፍል ጎን የአውራ ጣት የምታህል ኪስ አለች። ልብ በሥርዓት ሲመታ ደሟን ጨምቃ ታስወጣለች። ምቱ ተዛብቶ የላይኛው ክፍል መኮማተሩን ትቶ ሲርገበገብ፣ ዳዋ ወንዝ ሲጎድል ዳር ላይ እንደሚቀር ኩሬ ደሙ እዚያው ይተኛል፤ ይረጋል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ማደን የተባለ የኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም ይህችን ኪስ ከሁለት ሕመምተኞች ቆርጦ ማውጣቱን ጽፎ አሳተመ። የልብን ሥራ ተክቶ ደም የሚያዘዋውረው ማሽን ገና ለሰው ባልዋለበት ዘመን መሆኑ ድፍረቱን ያሳያል። ማስረጃ ግን አልነበረም፤ ለአሥርት ዓመታት አንዱ ሐኪም ሲዘጋት ሌላው ሲተዋት ኖረ።

በ1996 ብላክሺር እና ኦዴል የተባሉ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ቆጠሩ። የልብ ምታቸው የተዛባ፣ ነገር ግን ሩማቲክ የልብ በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ልብ ውስጥ ከተገኘው የረጋ ደም 91 በመቶው ኪሷ ውስጥ ነበር። ሩማቲክ ባለባቸው ግን 57 በመቶው ብቻ። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ልብ ይሏል፤ እኛን የሚመለከተው እሱ ነው።

ኪሷን መዝጋት ይጠቅም እንደሆነ የሚለየው፣ ሲጠበቅ የኖረው ጥናት በ2021 ተጠናቀቀ። በካናዳዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ዊትሎክ መሪነት በ27 አገሮች፣ ምታቸው የተዛባና ለሌላ ምክንያት የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 4,770 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ኪሷ ካልተዘጋላቸው ከመቶው 7ቱ ስትሮክ ወይም መሰል አደጋ ሲያገኛቸው፣ ከተዘጋላቸው 4.8 ብቻ ሆኑ። ቀዶ ሐኪሙ ደረቱን አንዴ ከፍቶታልና ቆርጦ መስፋቱ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚጨምረው። አብዛኞቹ ታካሚዎች ደም ማቅጠኛ መድኃኒታቸውንም አልተዉም ነበር።

የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 71 ነው። የእኛ አገር የልብ ሕመምተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ በልጅነቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሩማቲክ አስከትሎ፣ የልቡን ቫልቭ አጥብቦበት ደሙ ከኪሷም ውጭ ይረጋበታል። እንዲህ ላለው ሰው ኪሷን መዝጋት ብቻውን አይበቃም። በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ደግሞ ለሩማቲክ ሕመምተኞች ከአዲሱ ደም ማቅጠኛ ሪቫሮክሳባን ይልቅ እነ ዋርፋሪን እንደሚሻሉ አሳየ። ዋርፋሪን ያለ ደም ምርመራ አይወሰድም። ጎመን እንኳ ያውከዋል፤ መጠኑ ቢያንስ ደም ይረጋል፣ ቢበዛ ይፈሳል። በጋ ሲጠና ከብቱን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚሄድ የቦረና ሰው በየወሩ የት ይለካ? እኔን የሚያሳስበኝ ከኪሷ ይልቅ ይህ ነው። ፊልቱና ዶሎ ከተሞች ላይ የምርመራ መሣሪያ ቢኖር ከብዙ ቀዶ ሕክምና ይበልጣል እላለሁ።

ምቱ ተዛብቶበት ከነገሌ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ለልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰው ግን፣ ደረቱ ሳይከፈት ስለ ኪሷ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቢዘጋለትም ዋርፋሪኑን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ጉሮሮውን አሞት የሚያተኩሰውን ልጅም ቶሎ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ፔኒሲሊን እዚያ አለ።