ጥፋተኛ የሌለበት ጠብ፦ የቀድሞው ማኪንቶሽ ለምን ቀጥ ይል ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአፕል ማኪንቶሽ የሠራ ሰው ያቺን ትንሽ የቦምብ ሥዕል አይረሳትም። ሱዛን ኬር የሣለቻት፣ ክሯ የተለኮሰ ጥቁር ቦምብ ናት። እሷ ስክሪኑ ላይ ብቅ ካለች ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሁሉ ጠፍቷል፤ የሚቀረው ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ብቻ ነው። ከመልእክቱ ጋር ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥር 3 ከሆነ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ገጥሞታል፤ ቁጥር 1 ከሆነ ሊደረስበት የማይችል የሜሞሪ አድራሻ ለመንካት ተሞክሯል። ቁጥሩ ፕሮሰሰሩ ምን ላይ እንደወደቀ ይናገራል፤ ማን እንደጣለው ግን አይናገርም። ስለዚህ ባለቤቱ «የተበላሸው ፕሮግራም የትኛው ነው?» ብሎ ፍለጋ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል። በብዙ ብልሽቶች ውስጥ ለብቻው የተበላሸ ፕሮግራም አልነበረም፤ የተበላሸው በሁለት ደህና ፕሮግራሞች መካከል ያለው ግንኙነት ነበር። ይህን የተረዳ ሰው ፍተሻውንም በሌላ መንገድ ያካሂዳል።

ነገሩን ለማየት ከማሽኑ ሥር መጀመር ይሻላል። በ1984 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ 128 ኪሎባይት ሜሞሪና 64 ኪሎባይት ሮም፣ ማለትም የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ሜሞሪ፣ ብቻ ነበረው። መስኮት መሣል፣ ሜኑ መዘርጋት፣ ፋይል መክፈት የመሳሰሉት የጋራ ሥራዎች አብዛኞቹ በሮሙ ውስጥ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ፕሮግራሞች እነዚህን ሥራዎች የሚጠሩት በቁጥራቸው ነው። የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ሳይጠቀምበት የተወውን አንድ የትእዛዝ ዓይነት አፕል ለዚህ ጥሪ አዋለው። ጥሪው ሲደርስ ሲስተሙ አንድ ሰንጠረዥ ያያል፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ለፊት ሥራው የሚገኝበት አድራሻ ተመዝግቧል። ሰንጠረዡ የተቀመጠው ሊጻፍበት በሚችል ሜሞሪ ላይ መሆኑ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሮም አንዴ ከተመረተ አይታረምም፤ ስለዚህ ስህተት ሲገኝበት አድራሻውን ለውጦ ጥሪውን ወደ ታረመ ኮድ መምራት ያስፈልጋል። አፕል ለራሱ የተወው በር ግን ለማንም ክፍት ነበር።

ኤክስቴንሽን የሚባለው ፋይል በዚህ በር የሚገባ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይጫናል፤ ሰንጠረዡ ላይ ያገኘውን አድራሻ መዝግቦ በምትኩ የራሱን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ጥሪ በመጣ ቁጥር የድርሻውን ሠርቶ ወደ መዘገበው አድራሻ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ የሚጫነው ኤክስቴንሽን ሰንጠረዡ ላይ የሚያገኘው የሮሙን አድራሻ ሳይሆን ከእሱ የቀደመውን ኤክስቴንሽን አድራሻ ነው፤ በዚህ ዓይነት እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ። አንድ የመስኖ ቦይ የሚጋሩ ገበሬዎችን ማሰብ ይቻላል። ከላይ ያለው ውኃውን አዙሮ በወግ ካልለቀቀ የታችኛው ማሳ ይደርቃል፤ የደረቀውን ማሳ ብቻ ያየ ሰውም የታችኛውን ገበሬ ይወቅሳል። ተራው ማን ቀድሞ ይጫን በሚለው የሚወሰን ሲሆን፣ የመጫኛው ቅደም ተከተል ደግሞ የፋይል ስም የፊደል ተራ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ጠብ የሚፈታው ከአንዱ ፋይል ስም ፊት ባዶ ቦታ በመጨመርና ወደ ፊት በማምጣት ብቻ ነበር። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ፣ ስሙ ስለተቀየረ ብቻ ኮምፒውተሩ ደህና ከሆነ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል ለማለት ምን ማስረጃ ይቀራል?

ከዚህም የጠለቀ ምሳሌ አለ። አፕል በሮሙ ላይ ካደረጋቸው እርማቶች አንዳንዶቹ ጥሪው ከየት እንደመጣ ለማወቅ የመመለሻ አድራሻውን ይመረምሩ ነበር። ጥሪው ከሚያውቁት የሮም ቦታ ከመጣ እርማቱን ይሠራሉ፤ ካልሆነ ዝም ብለው ያሳልፉታል። አሁን አንድ ኤክስቴንሽን መካከል ገብቶ «ሥራው ሲያልቅ ወደ እኔ ይመለስ» ካለ፣ የመመለሻ አድራሻው የእሱ ይሆናል። እርማቱ ጥሪውን አያውቀውም፤ የድሮው የሮም ስህተት እንደገና ይነሳል። አፕል የፕሮግራም ደራሲዎች በዚህ መልክ ጣልቃ እንዳይገቡ ያስጠነቅቅ ነበር። ኤክስቴንሽኑን ለብቻው ብንመረምረው ግን የሚሠራውን በትክክል ይሠራል፤ እርማቱም እንዲሁ። በዚህ ላይ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዳይነካ የሚከለክል ነገር አልነበረም። አንዱ ዛሬ በስህተት የጻፈበትን ቦታ ሌላው ከቆይታ በኋላ ሲያነበው ቦምቡ የሚፈነዳው በአንባቢው እጅ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲቆም ስክሪኑ ላይ የነበረው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው በዚህ ምክንያት ነው።

«እንዲያ ከሆነ በሩን መክፈቱ ራሱ ጥፋት ነበር» የሚል ይኖራል። ዋጋውን ለከፈለ ሰው ይህ አባባል እውነትነት አለው። ነገር ግን በዚያ በር የገባውን ሁሉ ማየት ይገባል። ሜኑ ላይ ሰዓት የሚያሳየው ሱፐርክሎክ እና መስኮትን ወደ ላይ የሚጠቀልለው ዊንዶውሼድ በግለሰቦች የተሠሩ ጭማሪዎች ነበሩ፤ አፕል በ1994 ሲስተም 7.5ን ሲያወጣ የራሱ አድርጎ አካተታቸው። የአዶቢ ታይፕ ማኔጀር ፊደላትን በየትኛውም መጠን ለስላሳ አድርጎ ያሳየው በዚሁ መንገድ ነበር። ለእኛም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ዩኒኮድ በ1999 የግዕዝ ፊደልን ከማካተቱ በፊት፣ በሌሎች ኮምፒውተሮችም ላይ ቢሆን፣ አማርኛ ብዙ ጊዜ ሲጻፍ የኖረው በኪቦርዱና በጽሑፍ ፕሮግራሙ መካከል እየገቡ የተመታውን ቁልፍ በሚተረጉሙ ፕሮግራሞች ነው። ሠሪው ያላሰበለት ተጠቃሚ መግቢያ የሚያገኘው ክፍት በር ሲኖር ነው። ስለዚህ በሩን ከመውቀስ ይልቅ ጠብን የመለየት ጥበብን ማወቅ የተሻለ ነበር።

ጥበቡ የሚጀምረው ከሺፍት ቁልፍ ነው። በ1991 ከወጣው ሲስተም 7 ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ኤክስቴንሽኖቹን ሁሉ ያስቀራል። ችግሩ ያኔም ካለ ምርመራው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ከጠፋ ምንጩ ከኤክስቴንሽኖቹ መካከል ነው። ቀጥሎ ግማሽ በግማሽ ይፈተሻል። 32 ኤክስቴንሽን ቢኖርና አንዱ ብቻ ችግር ቢፈጥር፣ አንድ በአንድ እያወጣ የሚሞክር ሰው እስከ 31 ጊዜ ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል። ግማሹን አጥፍቶ የሚሞክር ሰው ግን በየዙሩ የተጠርጣሪውን ቁጥር ወደ 16፣ ወደ 8፣ ወደ 4፣ ወደ 2 እያወረደ በ5 ሙከራ ይጨርሳል። ጄፍ ሮቢን የጻፈውና ካሳዲ ኤንድ ግሪን ያሳተመው ኮንፍሊክት ካቸር ይህን ፍተሻ በራሱ እያካፈለ ያካሂድ ነበር፤ ባለቤቱ የሚጠበቅበት ችግሩ አለ ወይም የለም ብሎ መመለስ ብቻ ነው። 

በዚህ ዘዴ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ፣ ጥፋተኛው አንድ ነው ብሎ የሚያስብ መምሰሉ ነው። ጠቡ በሁለት ፋይሎች መካከል ከሆነና አንዱ በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ግማሽ ውስጥ ከወደቁ ሁለቱም ግማሾች ለየብቻ ደህና ይሆናሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቦምቡ ይመለሳል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነበር። ውጤቱ ግን ትልቅ ዜና ይዟል፦ ችግሩ የግንኙነት መሆኑን በራሱ ያረጋግጣል። ከዚያ አንደኛውን ግማሽ እንዳለ አብርቶ ሁለተኛውን ማካፈል፣ አንዱ ፋይል ሲገኝ ደግሞ እሱን አብርቶ የመጀመሪያውን ግማሽ ማካፈል ነው። ለ32 ፋይል ይህ ሁሉ 10 ሙከራ ያህል ይፈጃል። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስባል። ኤክስቴንሽኖች ሜሞሪ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ግማሾቹ ሲጠፉ ችግሩ ቢሄድ ምክንያቱ የጠብ መቆም ሳይሆን የተለቀቀው ሜሞሪ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የተጠረጠሩትን ሁለቱን ፋይሎች ብቻ አብርቶ ሌላውን ሁሉ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ሜሞሪ ተርፎም ቦምቡ ከመጣ ጥርጣሬው ይጸናል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብልሽት ላይ ደግሞ አንድ የተሳካ ሙከራ ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ ብልሽቱን ሁልጊዜ የሚያመጣውን ድርጊት መፈለግ ግድ ነው፤ ያ ሳይገኝ የሚደረግ ፍተሻ ሁሉ ግምት ነው።

ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ይቀላል ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፦ ይሠራል፣ ግን አያስተምርም። ንጹሕ ሲስተም ላይ እነዚያኑ ኤክስቴንሽኖች መልሶ የጫነ ሰው ጠቡንም መልሶ ጭኖታል።

አፕል በ2001 ያወጣው ማክ ኦኤስ ኤክስ የፕሮግራሞችን ሜሞሪ ለየብቻ ከለለ፤ የአንዱ መውደቅ ኮምፒውተሩን በሙሉ ይዞ መውደቁም በእጅጉ ቀነሰ። ግማሽ በግማሽ መፈተሽ ግን አልቀረም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ የሚጋጭ አገልግሎት ለሚፈልጉ ይህንኑ አሠራር ይመክራል፤ ጊት የተባለው የፕሮግራም ደራሲዎች መሣሪያም ስህተት ያመጣውን ለውጥ በዚሁ ስሌት ፈልጎ የሚያገኝ ትእዛዝ አለው። በቤታችሁ ወይም በማኅበራችሁ ቢሮ የተቀመጠ የዚያ ዘመን ማኪንቶሽ ካለና ሲነሳ ቀጥ የሚል ከሆነ አትጣሉት፣ ዲስኩንም አታጥፉት። ሺፍትን ይዛችሁ አስነሱት፤ ከተነሳ ከሁሉ በፊት ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ካለበት ደግሞ ፎንቱን አብራችሁ ቅዱ፤ ያለ ፎንቱ ሰነዱ አይነበብም።