በእሳት ኀይል ብርድ ስለሚሰጠው ሣጥን፥ አነሣሡና አጠባበቁ



የመብራት ኀይል ባልደረሰበት ወረዳ የከብት ክትባት የሚቀመጥበት የብርድ ሣጥን አንዳንድ ጊዜ በቡታ ጋዝ እየነደደ የሚሠራ ነው። ሣጥኑ ሲመጣ ቍልፉንና መዝገቡን የሚረከበው ሰው አይታጣም፤ እሳቱን እንዴት እንደሚያነሣ፥ ከተነሣም በኋላ እንዴት እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንገልጻለን።

አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። የተበላሸ ሥጋ ይሸታል፥ የተበላሸ ወተትም በዐይን ይታወቃል። የተበላሸ ክትባት ግን ብዙ ጊዜ መልኩም ሽታውም ሳይለወጥ በብልቃጡ ውስጥ ይቀመጣል። ባለ ከብቱ በሬው ሲወጋ አይቶ ከእንግዲህ ወዲህ አባ ሰንጋ አይነካብኝም ብሎ ተማምኖ ይሄዳል፤ በሽታው በመጣ ጊዜም በሬው ይሞታል፤ በዓመቱ ክትባት መጥቷል ቢባል ከብቱን የሚያወጣ አይገኝም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን በሬውን ሁሉ ፈጅቶ አራሹን ያለ ሞፈር ባስቀረ ጊዜ፥ ያ የደስታ በሽታ መድኀኒት አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. ግን ደስታ በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ፤ ያጠፋውም ክትባት ነው። ክትባቱን እስከ ከብቱ ቆዳ ድረስ ደኅና አድርጎ ያደረሰው ደግሞ ብርድ ነው።

እሳት ብርድ ይሠራል ቢባል ለሰሚው ተረት ይመስላል። አረቄ በሚወጣበት ቤት ገብቶ ያየ ሰው ግን ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። ድፍድፉ ተጥዶ እሳት ሲነድበት መንፈሱ ከውኃው ቀድሞ ይነሣል፤ በመቃው በኩል አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል። በሣጥኑ ጀርባ ባለው የብረት ቧንቧ ውስጥም በውኃ የሟሟ አሞንያ ታሽጎበታል። አሞንያ በበረት ውስጥ ከከብት ሽንት የሚነሣው፥ አፍንጫ የሚቈጠቍጠው ነገር ነው። እሳቱ ከታች ሲያገኘው አሞንያው ከውኃው ተለይቶ ይነሣና ወደ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የአረቄ ሥራ ነው። ከዚያ ፈሳሹ በሣጥኑ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ይወርዳል፤ በዚያም ሃይድሮጅን የሚባለው አየር ይቀበለዋል። ከሃይድሮጅኑ ጋር ሲገናኝ አሞንያው እንደ ገና ይተናል፤ ማናቸውም ፈሳሽ ሲተን ከአጠገቡ ሙቀት ይወስዳል። አረቄ በእጅ ላይ ቢፈስ እጅ የሚቀዘቅዘው ስለዚህ ነው። አሞንያውም ሙቀቱን ከሣጥኑ ውስጥ ይወስዳል፤ ብርድ የምንለው ይኸው የሙቀት መወሰድ ነው። በመጨረሻ ውኃው አሞንያውን መልሶ ይጠጣዋል፥ ሃይድሮጅኑም ወደ ስፍራው ይመለሳል፥ የአሞንያው ውኃ ወደ እሳቱ ወርዶ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል።

በአሞንያና በውኃ በረዶ የሚሠራ መሣሪያ በ1859 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ካሬ አውጥቶ ነበር፤ የእርሱ ግን ፓምፕ ይፈልግ ነበር። ፓምፕ የሌለውን፥ እሳት ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን ሣጥን በ1922 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ይማሩ የነበሩት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ አወጡት። በሌላ አገር ታላላቅ ሕንፃዎችን በሙቀት ወራት የሚያቀዘቅዝ፥ በብርድ ወራት የሚያሞቅ በጋዝ የሚነድ መሣሪያም አለ፤ የዚህ ሣጥን ዘመድ ነው።

እንግዲህ በቧንቧው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ስለ ሆነ፥ ሣጥኑ ካዘነበለ ፈሳሹ መንገዱን ይስታል። በአንድ የቆላ ወረዳ ሣጥኑ እሳቱ እየነደደ አይበርድም ተብሎ ለማየት ሄጄ ነበር። ጋዙ ሙሉ ነው፥ ነበልባሉም መልካም ነው። በሣጥኑ ወለል ላይ በሳሕን ውኃ አድርገን ብናስቀምጥ ውኃው በአንድ በኩል ሊፈስ ደረሰ፤ ሣጥኑ የቆመበት ጭቃ በዝናም ጊዜ ሰጥሞ ኖሯል። በጠፍጣፋ ድንጋይ ደግፈን በውኃ ልክ አስተካክለን ሌሊቱን ብናሳድረው በማግሥቱ በረደ። በውስጡ የነበረውን ክትባት ግን ሁሉንም ጣልነው፤ የጣልንበትም ምክንያት ስንት ቀን እንደ ሞቀ የሚናገር ጽሑፍ ስላልነበረ ነው። ያዘነበለ ሣጥን እንደ ነደደ ብዙ ከቆየ ማፍያው ከልክ በላይ ግሎ ቧንቧው ከውስጥ ስለሚደፈን፥ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ መደገፍም አያድነውም።

ስለዚህ ሣጥኑ በጠንካራ ወለል ላይ፥ ፀሐይ በማያገኘው፥ መስኮት ባለው ክፍል ይቁም። ጀርባው ከግድግዳው ይራቅ፤ የአሞንያው ሙቀት የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና። በመንገድ ተጋድሞ የመጣ እንደ ሆነ እሳት ሳይነካው ቆሞ ይደር።

ጋዝ ስንል ላምባ ማለታችን አይደለም። በላምባ የሚነድ ሣጥን አለ፤ አያያዙ ሌላ ነው። ቡታ ጋዝ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ካመለጠ በወለል ላይ ይተኛል፥ በጕድጓድም ይከማቻል። ሽታ የተጨመረበት እንዲታወቅ ነው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ፥ ቢቻል ከቤት ውጭ በጥላ ይቀመጥ። ማያያዣው ያፈስ እንደ ሆነ በሳሙና አረፋ ይመርመር፤ አረፋው ካበጠ ያፈሳል። በክብሪት ብርሃን መመርመር ቤት ማቃጠል ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አሁንም ስለማይጠፋ እንጽፈዋለን።

እሳቱን ለማንሣት መጀመሪያ የሲሊንደሩ መክፈቻ ቀስ ተብሎ ይከፈት። ከዚያ የሣጥኑ ቍልፍ ወደ ውስጥ ተጭኖ ይያዝና መለኰሻው ይመታ። ሣጥኑ ዐዲስ ወይም ሲሊንደሩ የተለወጠ እንደ ሆነ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር እስኪወጣ ድረስ እሳቱ ላይይዝ ይችላል፤ መታገሥ ነው። ከያዘም በኋላ ቍልፉ ወዲያው አይለቀቅ፤ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋው መሣሪያ እስኪሞቅ ድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ተጭኖ ይቈይ። ቢጠፋ ቍልፉ ተዘግቶ አምስት ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ ይደገም። የተጠራቀመ ጋዝ ላይ እሳት መጫር ፊት ያቃጥላል።

ነበልባሉ ሰማያዊ ሊሆን ይገባል። ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ከሰጠ አየር አንሶታል፥ ወይም ማንደጃው ቈሽሿል፤ እሳቱ ጠፍቶ ማንደጃውና የጢሱ መውጫ ይጠረግ። ቢጫ ነበልባል ሽታ የሌለውን የከሰል መርዝ ይሰጣል፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ በከሰል ጢስ የሞቱትን የማያውቅ አገር የለም። ከፍተኛው ደጋም ለነበልባሉ የራሱ ችግር አለው፤ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለ ሆነ፥ ለቆላ የተበጀ የጋዝ ቀዳዳ በደጋ ሊበዛ ይችላል። ቀዳዳውን መለወጥ የባለ ሙያ ሥራ ነው። በደጋ ሌሊት ደግሞ ቡቴን ብቻ ያለበት ሲሊንደር ይደክማል፤ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን አይተንምና።

ሣጥኑ እንደ ኤሌክትሪኩ አይቸኵልም። አንድ ቀን ሙሉ ባዶውን ይንደድ፤ ቴርሞሜትሩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆሙ ከታየ በኋላ ብቻ ክትባት ይግባበት። ሙቀት ብቻ አይደለም የሚያጠፋ፤ ፈሳሽ ሆነው ከሚመጡት ክትባቶች አንዳንዶቹ በረዶ ከነካቸው ኀይላቸውን ያጣሉ፥ ስለዚህ ብርዱ እንዲበዛ ብሎ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ማዞር ስሕተት ነው። ለእንግዳ የሚቀዘቅዝ ውኃ፥ ሥጋና ቅቤም አይግባበት። ይህን ስንል ማንን እንደምናስቀይም እናውቃለን፤ ነገር ግን በር በተከፈተ ቍጥር ብርዱ ይወጣል፥ ጋዙም በከንቱ ይነዳል። በቆላ በቀትር ጊዜ ሣጥኑ ከውጭው ሙቀት ጋር እየታገለ ነውና በሩ በጧትና በማታ ብቻ ቢከፈት ይሻላል። በእነዚሁ ሰዓቶች ዲግሪው በደብተር ይጻፍ። ይህ ደብተር ከሣጥኑ ይልቅ ይጠቅማል ብንል ማጋነን አይሆንም። የወረዳ ሹም ሊጐበኝ በመጣ ጊዜ የሣጥኑን መብረድ በእጁ ዳስሶ ከመመለስ ይልቅ ደብተሩን ይጠይቅ።

ትንሹ ሣጥን በቀን ከ300 እስከ 500 ግራም ጋዝ ያህል ስለሚፈጅ፥ 12.5 ኪሎ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ከ25 እስከ 40 ቀን ሊያደርስ ይችላል። ስንት እንደ ቀረ ሲሊንደሩን በመንቀጥቀጥ አይታወቅም፤ በሚዛን አስቀምጦ በላዩ የተቀረጸውን የባዶውን ክብደት መቀነስ ነው። ሁለተኛው ሲሊንደር ሙሉ ሆኖ ካልቆመ በቀር ክትባት መቀበል አይገባም።

ከጀርባው የበረት ሽታ ቢነሣ ወይም በቧንቧው ላይ ቢጫ ምልክት ቢታይ አሞንያው እየወጣ ነው፤ እሳቱ ይጥፋ፥ መስኮቱ ይከፈት፥ ቧንቧውንም ማንም አይክፈተው፥ አይበየደውም። ሣጥኑ ሥራ ፈትቶ የሚቆም እንደ ሆነ የሲሊንደሩ መክፈቻ ይዘጋ፥ ውስጡ ይጠረግና ይድረቅ፥ በሩም እንዳይሻግት በትንሽ እንጨት ገርበብ ብሎ ይተው።