ስኳር ሲለካ የማይጠየቀው

 ሶዶ ላይ «ኦቶና ተላክሁ» ያለ ሰው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ማለቱ ነው። ስኳር ያለባት ሴትም ከየወረዳው ሪፈር ተጽፎላት የምትመጣው ወደዚሁ ነው።

በአገራችን የጤና ተቋማት አሠራር የስኳር ክትትል አንድ ክፍል ነው፣ የቤተሰብ ዕቅድና የእርግዝና ክትትል ሌላ ክፍል። ሰውነቷ ግን እንዲህ አልተከፋፈለም። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከፍ ሲል በአንዳንድ ሴቶች የኢንሱሊን ጉልበት ይቀንሳል፣ ስኳሩም ይወጣል። «ምን በልተሽ ነው?» ተብላ የምትገሠጸዋ ሴት ምንም ያላጠፋች ልትሆን ትችላለች። ስኳሩ ለረጅም ጊዜ ካልተስተካከለ ደግሞ የወር አበባዋ ይዛባል፣ የብልት ፈንገስም እየተመላለሰ ያስቸግራታል። ማሳከኩን ለባሏም ለሐኪሟም ሳትናገር የምትኖር ስንት አለች!

ቀበሌዋ ስትመለስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሦስት ወር መርፌ ትወጋታለች። መርፌው በአገራችን በብዛት የሚመረጥ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ ለብዙዎችም ተስማሚ ነው። ነገር ግን ስኳሩ ዓይኗን፣ ኩላሊቷን ወይም ነርቯን ከጎዳ፣ ወይም ከ20 ዓመት በላይ ከቆየባት፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሌላ ዘዴ እንዲመረጥላት ይመክራል። ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ይሻላታል። ይህን ለመወሰን የስኳር ካርዷና የቤተሰብ ዕቅድ ካርዷ አንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት አለባቸው።

ትልቁ ጣጣ ያለው እርግዝናው ላይ ነው። የፅንሱ ልብና አከርካሪ ቅርጽ የሚይዙት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው፤ የስኳር መብዛት የአፈጣጠር ጉድለት የሚያስከትለውም ያኔ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ናት። ስለዚህ የእርግዝና ክትትል ክፍሉ የቱንም ያህል ቢተጋ ይዘገያል። ሊቀድም የሚችለው በየቀጠሮው የምታገኘው የስኳር ክፍል ነው። «ዘንድሮ መውለድ ታስቢያለሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ አስባ ከሆነ የሦስት ወሩ አማካይ ስኳር ከተቻለ ከ6.5 በመቶ በታች እስኪወርድ መከላከያውን እንዳታቆም መምከር፣ ፎሊክ አሲድ አስቀድሞ ማስጀመር፤ ይህ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ከወሊድ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የእንግዴ ልጁ እንደወጣ የኢንሱሊን ፍላጎቷ ባንዴ ይወርዳል። በእርግዝናው መጨረሻ ትወጋ የነበረውን መጠን ሳትቀንስ ከቀጠለች፣ ገንፎው እስኪደርስ ላብ ላብ ብሏት ራሷን ልትስት ትችላለች። አራሷን የሚጠብቁት አማቷም ሆኑ እናቷ ይህን ካላወቁ የወሊድ ድካም ይመስላቸዋል።

ስኳሩ በእርግዝና ብቻ የታየባትስ? ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ዳግም መመርመር ይገባታል፤ በኋላ ለዘለቄታው ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ነውና። በ6ኛው ሳምንት ደግሞ ልጇን አዝላ ለክትባት ጤና ጣቢያ መምጣቷ አይቀርም። ሕፃኑ ሲከተብ የእናቱንም ጣት ወግቶ መለካት፣ ሙሉ ምርመራውንም እዚያው መቅጠር ይቻላል።