የመሥሪያ ቤት ነዳፊና ሙያውን የማስፋት ነገር

በመሥሪያ ቤትህ ውስጥ የጥሪ ካርድ፥ የዓመት ሪፖርትና የግድግዳ ማስታወቂያ የሚነድፍ ግራፊክ ዲዛይነር ይኖር ይሆናል፤ ወይም ያ ሰው አንተው ራስህ ትሆናለህ። እንዲህ ያለው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ነገሩ ሁሉ ተወስኖ ካለቀ በኋላ፥ «ይህን አሳምርልን» ለመባል ብቻ ነው። ዓመት ከዓመት ያንኑ ዐርማ በካርድ ላይ ሲያኖር ይከርምና እጁ ይፈጥናል፤ ዕውቀቱ ግን በነበረበት ይቀራል።

ሀሪ ቤክ የሚባለው እንግሊዛዊ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የምልክት ክፍል ንድፍ ሠሪ ነበረ፤ የኤሌክትሪክ መሥመሮችንም ንድፍ ይሥል ነበር። በዚያ ዘመን የባቡሩ ካርታ የመሬቱን ርቀት ጠብቆ ስለሚሣል፥ መካከለኛው ከተማ ተጨናንቆ ለማንበብ ያስቸግር ነበር። ቤክ እ.ኤ.አ. በ1931 ማንም ሳያዝዘው በገዛ ጊዜው ሌላ ካርታ ነደፈ፤ ይኸውም መሥመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ፥ አግድም ወይም በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ብቻ ሆነው፥ መካከሉ ሰፍቶ የሚታይበት ነው። ከመሬት በታች የሚሄድ መንገደኛ የሚሻው የሚወርድበትንና ባቡር የሚለውጥበትን ጣቢያ እንጂ ርቀቱን አለመሆኑን ተረድቶ ነበርና። አለቆቹ በመጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በ1933 ግን ታትሞ ታደለ፥ ሕዝቡም ወደደው። በ1960 በሌላ ሰው ንድፍ ሲተካበት እጅግ አዘነ፤ ዛሬ ግን ስሙ በካርታው ላይ ይጠቀሳል።

የእኛስ ነዳፊ ከወዴት ይጀምር? እኔ ከማተሚያ ቤት ይጀምር እላለሁ። የኮምፒዩተር መስኮት ቀለምን የሚያሳየው በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የማተሚያው መኪና ግን በውሃ ሰማያዊ፥ በሐምራዊ ቀይ፥ በቢጫና በጥቁር ቀለም ያትማል። በመስኮቱ ያበራ የነበረው አረንጓዴ በወረቀት ላይ ሲደበዝዝ አለቃው በነዳፊው ላይ የሚቆጣው ይህን ካለማወቅ የተነሣ ነው። የወረቀት መቁረጫውም ጥቂት ይስታል፤ ስለዚህ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ቀለም በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲተርፍ፥ ጽሕፈቱም ከጠርዙ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት የስብሰባው ሰዓት ተቆርጦ የቀረበት ካርድ ከታደለ በኋላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ፊደላችን ይመጣል። በእኛ ጽሕፈት የላቲኑን ዓይነት ትልቅ ፊደል ስለሌለ፥ አርእስት የሚለየው በመጠን፥ በውፍረትና በዙሪያው በሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ሉ እና ሊ የሚለያዩትም ቅጥያዋ በእግሩ መካከል ወይም ግርጌ በመሆኗ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ደቅቆ ሲወፍር ሁለቱ ይምታታሉ።

ቁጥርን በሥዕል ማስረዳትም አለ፤ ለዚህ ግን ነዳፊው ከሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ጋር ተቀምጦ አኃዙ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባዋል። አለቃ የሆንህ አንባቢ ደግሞ ነዳፊህን ሪፖርቱ ገና ሲታሰብ ጥራው፤ ሠንጠረዡ አሥር ገጽ ሞልቶ ከመጣ በኋላ ሊያደርግልህ የሚችለው ጥቂት ነው።